ስንት ይይዛል? መቼስ ይለቃል? ለስምጥ ሸለቆ ውሃ የፍሎራይድ ማጣሪያ አመራረጥ

በስምጥ ሸለቆ ለሚኖር ሰው የበለዘ ጥርስ እንግዳ ነገር አይደለም። ከወንጂ እስከ መቂ፣ ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ ዙሪያ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በዚህ አካባቢ ግን 5፣ 8፣ ከ10 በላይም የሚለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። የጥርስ መበለዝ ደግሞ በዓይን የሚታየው ምልክት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል፤ ከባሰም ወገብ ያጎብጣል።

እናም የውሃ ኮሚቴው፣ ርዕሰ መምህሩ ወይም የፕሮጀክት ኃላፊው ማጣሪያ ፍለጋ ይወጣል። ፕሮፎርማ ይሰበስባል። አንዱ አቅራቢ ማጣሪያው በግራም 3 ሚሊግራም ፍሎራይድ እንደሚይዝ ይጽፋል። ሌላው «ናኖ» የሚል ቃል ጨምሮ 100 ሚሊግራም ይላል። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ውድድሩ ያለቀ ሊመስለው ይችላል።

አላለቀም። ማጣሪያ ሲመረጥ «ስንት ይይዛል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «በእኛ ውሃ ውስጥ ስንት ይይዛል? የያዘውንስ መቼ ይለቃል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማያቸው በዚህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ሌላ ውሃ ፈልጉ

የፍሎራይድ ማጣሪያ ተተክሎ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። ይጠግባል፣ ይለካል፣ ይቀየራል። ስለዚህ ሌላ ምንጭ ካለ እሱ ይቅደም። የፍሎራይድ መጠን በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ከጉድጓድ ጉድጓድ በጣም ሊለያይ ይችላል። በአቅራቢያ ያሉትን ጉድጓዶች በሙሉ ሳታስለኩ ማጣሪያ አትግዙ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ትምህርት ቤት የዝናብ ውሃ ቢያጠራቅም፣ ቢያንስ ለጥቂት ወራት ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ያገኛል። ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለውን ውሃ ከከፍተኛው ጋር መቀላቀልም መጠኑን ያወርዳል።

የማይሠሩትንም እንወቅ። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው ተንኖ ሲቀንስ ጭራሽ ያከማቸዋል። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም። የሸክላ ማጣሪያም፣ የአሸዋ ማጣሪያም፣ ተራው የካርቦን ማጣሪያም እዚህ አይረዱም። ውሃው ጠርቶ ስለታየ ወይም ጣዕሙ ስለተሻሻለ ፍሎራይዱ ወጥቷል ማለት አይደለም። ፍሎራይድ ቀለም የለውም፤ በእነዚህ መጠኖች በምላስም አይታወቅም።

እንዴት ይለጠፋል፣ እንዴት ይላቀቃል

ፍሎራይድ ውሃ ውስጥ ፍጹም የሟሟ ነው። በወንፊት አይቀርም። የሚይዘው ተስማሚ ገጽ ያለው ማዕድን ነው። የአሉሚኒየም፣ የብረትና የካልሲየም ማዕድኖች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ገጻቸው በሃይድሮክሳይድ (በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ጥምር) ይሸፈናል። ፍሎራይድና ሃይድሮክሳይድ በመጠን በጣም ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም አንድ አንድ አሉታዊ ቻርጅ አላቸው። ስለዚህ ፍሎራይዱ ሃይድሮክሳይዱን አስወጥቶ ቦታውን ይወስዳል። ይህ ጠንካራው አያያዝ ነው። ልል አያያዝም አለ፦ ገጹ አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው ብቻ ፍሎራይዱ ተስቦ አጠገቡ ይቆማል። ይህኛው በቀላሉ ይፈታል።

ገጹን እንደ ታክሲ ወንበር ቁጠሩት። ወንበሩ ውስን ነው፤ ተሳፋሪው ግን ፍሎራይድ ብቻ አይደለም። ባይካርቦኔት፣ ሲሊካና ፎስፌትም ይሻማሉ። ተቀምጦ የነበረም ሊወርድ ይችላል።

የሚወርደው መቼ ነው? አንደኛ፣ የሚመጣው ውሃ ፍሎራይዱ ሲቀንስ። ገጹ ላይ የተለጠፈውና ውሃው ውስጥ የሟሟው ፍሎራይድ ሚዛን ይጠብቃሉ። በ8 ሚሊግራም ውሃ የጠገበ ማጣሪያ ላይ የዝናብ ውሃ ብታፈሱበት፣ የዝናቡን ውሃ ከማጣራት ይልቅ ፍሎራይድ ሊጨምርበት ይችላል። ክረምት ሲመጣ ምንጭ ቀይሮ በዚያው ማጣሪያ መቀጠል ልማድ በሆነበት ቦታ ይህ ከባድ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ሲጨምር። ፒኤች ጨመረ ማለት ሃይድሮክሳይድ በዛ ማለት ነው፤ ሃይድሮክሳይድ ሲበዛ ቦታውን ያስመልሳል። ፋብሪካዎች የጠገበ ማጣሪያን በኮስቲክ ሶዳ አጥበው የሚያድሱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስተኛ፣ የሚሻሙት ንጥረ ነገሮች ሲበዙ።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆው ውሃ እንምጣ። ፍሎራይዱ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ይመጣል። ውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የሞላበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ፍሎራይዱ ከእሱ ጋር ተጣምሮ በረጋ ነበር፤ ስላነሰ ሟሙቶ ይቀራል። ፒኤቹም ብዙ ጊዜ 8 እና ከዚያ በላይ ነው። ተመልከቱ፦ ለመለጠፍ የማይመቸው ነገር ሁሉ እዚህ ውሃ ውስጥ ተሰብስቧል። በሌላ አገር በደንብ የሠራ ማጣሪያ እዚህ ሲመጣ አቅሙ የሚወርደው በዚህ ነው።

በወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ

«በግራም ስንት ሚሊግራም» የሚለው ቁጥር ሁለት ወጥመድ አለው።

የመጀመሪያው የተለካበት ውሃ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ በተጣራ ውሃ ላይ ፍሎራይድ ጨምረው፣ ፒኤቹን ወደ 5 ወይም 6 አውርደው፣ በሊትር 50 ወይም 100 ሚሊግራም ላይ ይለኩታል። ፍሎራይድ በበዛ ቁጥር ገጹ ላይ የሚለጠፈውም ይበዛል። እኛ ግን የሚያስፈልገን 1.5 ሚሊግራም ላይ ያለው አቅም ነው። እዚያ ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በጣም ያንሳል። አቅራቢውን «ይህ ቁጥር የተለካው በየትኛው ፒኤች፣ በስንት ሚሊግራም፣ በምን ውሃ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ቁጥሩን ከንጽጽሩ አውጡት።

ሁለተኛው «ናኖ» የሚለው ቃል ነው። እርግጥ ነው፣ ቅንጣት ሲያንስ ገጽ ይሰፋል። በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 4 ግራም የሚመዝን ማዕድን 10 ናኖሜትር (አንዱ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ስፋት ባላቸው ድቡልቡል ቅንጣቶች ቢፈጭ፣ አንድ ግራሙ 150 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ይኖረዋል። ይኸው ማዕድን ቀዳዳ የሌለው የ1 ሚሊሜትር ጠጠር ቢሆን ገጹ መቶ ሺህ ጊዜ ያንሳል። ግን ጥሩ ማጣሪያ ጠጠር ድፍን አይደለም። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። ጥሩ አክቲቬትድ አሉሚና በግራም ከ200 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ አለው፤ የአጥንት ከሰልም ወደ 100 ይጠጋል። ከዚህም በላይ የአጥንት ማዕድን ራሱ በተፈጥሮው በናኖሜትር የሚለኩ ክሪስታሎች ስብስብ ነው። ስለዚህ «ናኖ ነው» የሚለው ብቻውን ብልጫ አያሳይም።

በምን እንመዝናቸው

ስለ አቅም ብያለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው የመልቀቅ አደጋ ነው፦ ሲጠግብ በቀስታ ያሳውቃል ወይስ በአንዴ ይለቃል? ከዚያ ማጣሪያው ራሱ ውሃው ውስጥ የሚተወው ነገር አለ፤ አሉሚኒየም፣ ሰልፌት፣ ሽታ ወይም ደቃቅ ዱቄት። የዕለት ሥራውን ማን ይሠራዋል የሚለውም ከባድ ጥያቄ ነው። ዕቃው አገር ውስጥ ይገኛል ወይስ ዶላር ይጠብቃል? በመጨረሻም የጠገበው ነገር የት ይጣላል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ የፕሮጀክት ሰነድ ይዘለዋል። እኔ ግን መልስ የሌለው አማራጭ ባይገዛ እመርጣለሁ።

የአጥንት ከሰል

የከብት አጥንት አየር ባነሰበት ምድጃ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይከሰልና ይፈጫል። የሚሠራው ማዕድን ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል፤ ካልሲየምና ፎስፌት ነው። ፍሎራይድ ገጹ ላይ ይለጠፋል፤ ከፊሉም የሃይድሮክሳይዱን ቦታ ይዞ ወደ ፍሎሮአፓታይት ይለወጣል። ይህ ማዕድን ከመጀመሪያው ይልቅ የማይሟሟ ነው፤ ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸርም የስምጥ ሸለቆን ፒኤች የተሻለ ይችላል።

ጥራቱ ግን በአከሳሰሉ ይወሰናል። በቂ ካልተቃጠለ ቡናማ ይሆናል፤ ውሃው ይሸታል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ከልክ በላይ ከተቃጠለ ደግሞ ነጣ ብሎ አቅሙ ይወርዳል። ጥቁርና ሽታ አልባ የሆነውን ፈልጉ። በኬንያ ናኩሩ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ለረጅም ጊዜ የአጥንት ከሰል አምርቷል። እኛም አገር ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተሞክሯል። ጥሬ ዕቃው ከቄራ ይገኛል፤ ዶላር አይጠይቅም።

በሜዳ ላይ ያለው አቅም በግራም ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። እናስላው። አንድ ቤተሰብ ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 20 ሊትር ይፈልጋል እንበል። ውሃው 8 ሚሊግራም ቢሆንና ወደ 1 እናውርደው ብንል፣ በቀን 140 ሚሊግራም ፍሎራይድ መያዝ አለበት። 10 ኪሎ ከሰል በግራም 2 ሚሊግራም ቢይዝ ጠቅላላው 20,000 ሚሊግራም ነው። 142 ቀን ያገለግላል፤ አምስት ወር አይሞላም። ውሃው 4 ሚሊግራም ከሆነ ግን በቀን 60 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ያው ከሰል 333 ቀን ይቆያል። ይህን ሒሳብ በራሳችሁ ቁጥር ሳትሠሩ ምንም አትግዙ።

አንድ ጉዳይ ከኬሚስትሪ ውጭ ነው። ውሃን በአጥንት ማጣራት ለአንዳንድ ቤተሰብ ይከብደዋል። የማን አጥንት? የምን እንስሳ? ማን ያረደው? በጾም ወቅትስ? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከመትከል በፊት ካህናቱንና ሼሆቹን ሰብስቦ፣ አጥንቱ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተከሰለ በግልጽ ማስረዳት ያስፈልጋል። ማኅበረሰቡ ያልተቀበለው ማጣሪያ አቅሙ ምንም ያህል ቢሆን ዜሮ ነው።

አክቲቬትድ አሉሚና

ይህ በፋብሪካ የሚሠራ፣ ቀዳዳ የበዛበት የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጥራጥሬ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ተጠንቶ ብዙ የተሠራበት ነው። የሚመቸው ፒኤች 5.5 አካባቢ ነው። ገጹ ከአዎንታዊ ወደ አሉታዊ የሚገለበጠው በፒኤች 8 እና 9 መካከል ስለሆነ፣ የእኛ ውሃ የሚያገኘው በደካማው ሰዓቱ ነው። ሲሊካና ባይካርቦኔትም ይሻሙበታል። ፒኤቹን በአሲድ ማውረድ ይቻላል፤ ግን በገጠር ጣቢያ አሲድ ማስቀመጥ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።

ዋና ጥቅሙ መታደሱ ነው። ሲጠግብ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፤ ፍሎራይዱ ይላቀቃል። ከዚያ ፒኤቹ በአሲድ ይመለሳል። በየዕድሳቱ ግን ጥራጥሬው በጥቂቱ ይሟሟል፣ አቅሙም ይቀንሳል። እጥበቱ ደግሞ ብዙ ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ የነበረውን ፍሎራይድ በትንሽ ኃይለኛ ፈሳሽ ውስጥ ያከማቸዋል። ያንን ፈሳሽ መሬት ላይ መድፋት የወጣበት ጉድጓድ ውስጥ መመለስ ማለት ነው። ከዕድሳት በኋላ ጥራጥሬው በደንብ ካልታጠበና ፒኤቹ ካልተስተካከለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሊትሮች ፒኤች ከፍ ያለባቸውና ፍሎራይድ የበዛባቸው ይሆናሉ። እነዚህ ለመጠጥ አይቀዱም።

አሉምና ኖራ፣ ማለትም የናልጎንዳ ዘዴ

ስሙ ከሕንድ የናልጎንዳ አካባቢ ነው። ዘዴውን ያወጣው ናግፑር የሚገኘው የአገሪቱ የአካባቢ ምህንድስና ተቋም ነው። አሉም (የአሉሚኒየም ሰልፌት ጨው) እና ጥቂት ኖራ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፤ ይማሰላል፤ ደለሉ እስኪረጋ ይጠበቃል። እዚህ የሚለጠፍበት ገጽ ተገዝቶ አይመጣም። የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ቅንጣቶች ባልዲው ውስጥ እዚያው ይፈጠራሉ፣ ፍሎራይዱን ይዘው አብረው ይወርዳሉ።

ለመጀመር ርካሽ ነው። ባልዲ፣ ማማሰያ፣ አሉም፣ ኖራ፤ በቃ። ችግሩ መጠኑ ነው። ፍሎራይዱና ባይካርቦኔቱ በበዛ ቁጥር አሉሙም ይበዛል፤ ለሊትር አንድ ግራም መድረስ ይችላል። አንድ ግራም አሉም ደግሞ ከ400 ሚሊግራም በላይ ሰልፌት ውሃው ውስጥ ይተዋል። ጣዕሙ ይታወቃል። ልኬቱ ከተሳሳተ አሉሚኒየሙም ሟሙቶ ይቀራል። ሥራው በየቀኑ ነው፤ የሚሠራው ሰው አንድ ቀን ከታመመ የዚያ ቀን ውሃ አልተጣራም።

ስለ መልቀቅ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ደለሉ ከረጋ በኋላ ውሃው ቶሎ ከላይ ይቀዳ፤ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይገልበጥ። ደለሉ ላይ ሲያድር ፍሎራይዱ ወደ ውሃው ሊመለስ ይችላል። የሚያማስል ልጅ ወይም የሚገፋ ከብት ካለ ደግሞ ወዲያው ይደፈርሳል። ደለሉን ከጉድጓድና ከአትክልት ርቆ መቅበር ነው።

የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጥራጥሬ

ይህ ከላይ ያሉት የሁለቱ መካከለኛ ነው። ቅንጣቱ ቀድሞ ተሠርቶ፣ ደርቆ፣ ጥራጥሬ ሆኖ በርሜል ውስጥ ይሞላል። በየቀኑ መለካትና ማማሰል የለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከአሉሚኒየም ሰልፌት ተነስተው ሠርተው ፈትነውታል። በላቦራቶሪ አቅሙ ከአጥንት ከሰል ብዙ እጥፍ ነው። ጥሬ ዕቃው አገር ውስጥ መገኘቱና የአጥንት ጥያቄ አለመኖሩም ጥሩ ነው።

ፒኤችና ባይካርቦኔት ግን እሱንም ይጎዱታል፤ ዝርያው ከአሉሚና ነውና። ጥራጥሬው በደንብ ካልጠነከረ እየተፈረፈረ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ዱቄቱም ከውሃው ጋር ይወጣል። ስትገዙ እፍኝ ጥራጥሬ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ በኃይል ነቅንቁት። ውሃው ወተት ከመሰለ አትውሰዱ።

ናኖ ዱቄት

የብረት ኦክሳይድ፣ የማግኒዚየም ኦክሳይድ፣ የዚርኮኒየም ወይም የላንታነም ውህዶች በናኖ መጠን ተዘጋጅተው በምርምር ወረቀቶች ላይ አስደናቂ ቁጥር አስመዝግበዋል። ምርምሩ ዋጋ አለው። ማኅበረሰብ ውስጥ ሊተከል የሚቀርብ ዕቃ ሆኖ ሲመጣ ግን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

ቅንጣቱ በምን ተይዟል? ባዶ ዱቄት በርሜል ውስጥ አይሞላም፤ ወይ ይደፍናል ወይ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ደግሞ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓጉላሉ፣ ገጹም ይጠፋል። ስለዚህ በጥራጥሬ ወይም በአሸዋ ላይ መታሰር አለባቸው። ሲታሰሩ ግን ከዚያ ትልቅ ቁጥር ብዙው ይቀራል። የሚጠየቀው የታሰረው ጥራጥሬ አቅም ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አምልጦ የሚወጣ ቅንጣት ብቻውን አይወጣም፤ የያዘውን ይዞ ይወጣል። ቧንቧ ውስጥ፣ ጀሪካን ውስጥ፣ ሆድ ውስጥ ይደርሳል። የሆድ አሲድ ብዙዎቹን እነዚህን ማዕድኖች ማሟሟት ይችላል፤ የተያዘውም ይፈታል። እዚህ ላይ ምርመራው ራሱ ሊያታልል ይችላል። ላቦራቶሪዎች ናሙናን የሚያጠሉበት የተለመደው ማጥለያ ቀዳዳው 450 ናኖሜትር ነው። የ50 ናኖሜትር ቅንጣት ሳይነካው ያልፋል። ስለዚህ የተጠለለ ናሙና ንጹሕ ነው ማለት ከቅንጣት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ከፍሎራይዱ በተጨማሪ የማጣሪያው ብረት ወይም ዚርኮኒየም በወጣው ውሃ ውስጥ ይለካ በሉ።

ሦስተኛው ፒኤች ነው። ማግኒዚየም ኦክሳይድ ብዙ ይይዛል፤ ግን ውሃውን ወደ ፒኤች 10 ያወጣዋል። ያ ውሃ ሳይስተካከል አይጠጣም።

ስለዚህ ናኖውን ለሙከራ ጣቢያ፣ ላቦራቶሪ በቅርብ ላለበት ቦታ እመክራለሁ። ብቸኛ የመጠጥ ውሃ ምንጭ አድርጎ መንደር ውስጥ መትከሉን ግን አልደግፍም።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ

ይህ በመለጠፍ አይሠራም፤ ውሃውን በግፊት በስስ ገለፈት ያሳልፋል። ፍሎራይዱን በአብዛኛው ያስቀራል፤ ስለ ፒኤችና ስለ ባይካርቦኔት ያን ያህል አያስጨንቅም። መብራት፣ ግፊትና መለዋወጫ ይፈልጋል፤ የቤት ውስጦቹ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ይደፋሉ። መብራት የማያስቸግረው ሆቴል፣ ሎጅ ወይም ክሊኒክ ይችለዋል።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | በስምጥ ሸለቆ ውሃ ያለው አቅም | የመልቀቅ አደጋ | ውሃው ውስጥ የሚተወው | የዕለት ሥራ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የአጥንት ከሰል | መካከለኛ፣ የታወቀ | ሲጠግብ ቀስ ብሎ፤ ምንጭ ሲቀየር | በደንብ ካልተከሰለ ሽታ | ትንሽ | ዝቅተኛ |
| አክቲቬትድ አሉሚና | ፒኤች ካልወረደ ይቀንሳል | ከዕድሳት በኋላ ከፍተኛ | ጥቂት አሉሚኒየም | ትንሽ፤ ዕድሳቱ ከባድ | ከፍተኛ፣ ከውጭ |
| አሉምና ኖራ | ጥሩ፣ ብዙ አሉም ከተጨመረ | ደለሉ ላይ ሲያድር | ሰልፌት፣ አሉሚኒየም | በየቀኑ | ለመጀመር ዝቅተኛ፣ ቀጣይ |
| የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጥራጥሬ | ከመካከለኛ በላይ | ፒኤች ሲጨምር፣ ሲፈረፈር | ደቃቅ ዱቄት | ትንሽ | መካከለኛ |
| ናኖ ዱቄት | በወረቀት ትልቅ፣ ሲታሰር ያንሳል | ቅንጣቱ ይዞት ሲወጣ | ቅንጣት፣ አንዳንዴ ከፍ ያለ ፒኤች | ክትትል የበዛበት | ከፍተኛ |
| ሪቨርስ ኦስሞሲስ | በጣም ጥሩ | ገለፈቱ ሲቀደድ | የለም | መብራትና ጥገና | ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

ፍሎራይዱ ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም የሆነ ቤተሰብ፣ ብር ያጠረው ከሆነ፣ የአጥንት ከሰል በርሜል ይበቃዋል። ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ያጣራ። ለገላና ለልብስ የጉድጓዱ ውሃ ይሁን፤ ያኔ ከሰሉ ብዙ ወር ይቆያል። አጥንት ያልተቀበለ ቤት ወደ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጥራጥሬ ይሂድ። አሉምና ኖራን በቤት ደረጃ የምመርጠው በየቀኑ በሥርዓት የሚለካ ሰው ካለ ብቻ ነው።

ለቦኖ ወይም ለትምህርት ቤት ሁለት በርሜል ተከታታይ ይሁን። ውሃው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይለፍ፤ በመካከላቸው የናሙና ቧንቧ ይኑር። የመጀመሪያው ሲጠግብ ሁለተኛው ይይዘዋል። ከዚያ ሁለተኛውን ወደ ፊት አምጥታችሁ አዲሱን ከኋላ አድርጉ። ተጨማሪ በርሜል መግዛት ወጪ ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያውን እስከ መጨረሻው ለመጠቀም ያስችላል፣ ሰዉም የጠገበ ማጣሪያ ውሃ አይጠጣም። ለዚህ የአጥንት ከሰል ወይም ሃይድሮክሳይድ ጥራጥሬ ይመቻል።

ኬሚስት የቀጠረና የፍሳሽ ማከማቻ ያለው ትልቅ እርሻ ወይም ፋብሪካ አክቲቬትድ አሉሚናን ማስተዳደር ይችላል። ከ10 ሚሊግራም በላይ ለሆነ ውሃ ግን ለማንም ቢሆን የምመክረው ሌላ ምንጭ ነው፤ ከሌለ ሪቨርስ ኦስሞሲስ።

ሲለካ ስለሚፈጠር ስሕተት

ማጣሪያ ሌሊቱን አርፎ ካደረ ጠዋት የሚሰጠው ውሃ ከእውነተኛው ይሻላል። ፍሎራይዱ ሌሊት ወደ ጥራጥሬው ውስጠኛ ቀዳዳ ስለሚገባ ውጨኛው ገጽ ለጥቂት ሰዓት ነጻ ይሆናል። ናሙና ጠዋት በመጀመሪያው ጀሪካን ከወሰዳችሁ ማጣሪያው ገና ጤነኛ ይመስላችኋል። ሰልፍ በበዛበት ሰዓት፣ ውሃው በሙሉ ፍጥነት ሲወርድ ናሙና ውሰዱ።

በአሉሚኒየም የተጣራ ውሃ ላይ በቀለም የሚለካው የኪስ መሣሪያ ሊሳሳት ይችላል፤ አሉሚኒየሙ ፍሎራይዱን ጠፍሮ ይይዝበታል። በኤሌክትሮድ፣ ፍሎራይዱን ከአሉሚኒየሙ የሚያላቅቀው ማመጣጠኛ ፈሳሽ ተጨምሮ ይለካ። ውሉ ላይ ይህ ይጻፍ። መቼ፣ በምን መሣሪያ፣ ማን እንደሚለካም ይጻፍ። የጠገበውን ጥራጥሬ አቅራቢው ተመልሶ እንደሚወስድም ይካተት።

በጀቱ ለሁሉም ካልበቃ ቅድሚያው ለሕፃናት ነው። ጥርስ የሚበልዘው ከድዱ ሳይወጣ፣ ገና ሲሠራ ነው፤ ይህም እስከ 8 ዓመት ገደማ ይዘልቃል። የጡጦ ወተቱ፣ ገንፎውና ሾርባው በተጣራው ውሃ ይሠራ፤ የአዋቂዎቹ ተራ ሁለተኛው በርሜል ሲገዛ ይደርሳል።